የማክሰኞ መልስ

ማክሰኞ መብራት ጠፋ፤ ረቡዕ ኔትወርክ ጠፋ፤
ሐሙስ ሁለቱም ሲመጡ ሰልፉ ከበረንዳው አልፎ ሰፋ።
የሂርማታ ገበያ ነው፤ የበግ ጩኸት በመስኮት ይገባል፤
ዘበኛው ቁጥር ያድላል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ዐሥራ ሰባት!» ሲባል ገቡ፣ አባ ፊጣ አናጺው፣
ካፖርታቸው አዲስ፣ ጫማቸው የሌላ ሰው።
ሙዘይን፣ የእህታቸው ልጅ፣
ሰነዱን ዘረጋ በአንድ እጅ፤
በሌላው ክንዳቸውን ይዟል፣
እንዳይወድቁ ይሆናል፤ እንዳይሄዱም ይመስላል።

ራፖር ጸሐፊው አልሰነፈም፣ ቃል ከቃል አሰካክቷል፤
«እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስሜ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ» ብሏል።
አንድ ነጥብ አልጎደለም።
እኔ ደግሞ ምንም ካልጎደለው ወረቀት በላይ የሚያስፈራኝ የለም።
ምክንያቱን ቆይቼ።

«እንደምን አደሩ አባባ?» ብል፣
«ማክሰኞ» አሉኝ፤ ሳልጠይቅ ስለ ቀኑ አንድ ቃል።
«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ፊጣ እባላለሁ። ቤቱ የኔ ነው።
ማንም አላስገደደኝም። ሙዘይን የእህቴ ልጅ ነው።»
እንደ ቁርዓን ቤት ሕፃን ዐይናቸውን ከድነው
በአንድ ትንፋሽ አወረዱት፣ ሳይዛነፍ፣ እንደተጠናው።
ማክሰኞ መብራት ቢኖር
ሁሉም ልክ ነበር።

ሕጉ ሰውን ያከብራል፤ ሌላ ካልተረጋገጠ በቀር
ማንም ለራሱ ይበቃል፤ ይህ ነው የነገሩ ሥር።
ቀን ለእኔም ይጠፋኛል፤ ሐሙስን ዓርብ ብዬ አውቃለሁ፤
ቀን የጠፋበትን ሁሉ አእምሮ የለውም እንዴት እላለሁ?
«ሙዘይን፣ ደጅ ቆየኝ» አልኩት።
ወጣ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። ተነሥቼ ዘጋሁት።

«ውክልና ምንድን ነው፣ አባባ?»
ዝም። ከደጅ የበግ «ባ... ባ»።
የተቀመጡበትን በርጩማ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣
«ዋንዛ ነው» አሉ፣ «ሳይደርቅ ጠርቦታል፤ ችኩል ነው ሰውየው።»
እውነትም ሥሩ ተሰንጥቋል። ስምንት ዓመት በላዩ
ባለጉዳይ ሳስቀምጥ እኔ አላየሁም፤ ጣቶቻቸው ግን አዩ።
«ውክልና እጅ ማዋስ ነው። የኔው ይንቀጠቀጣል።
መጋዙን ይያዝልኝ ብዬ፣ ሚስማሩን ይምታ ብዬ፣ ለሙዘይን ሰጥቼዋል፤
ይመልስልኛል ማታ።»
«ቤቱንስ ቢሸጠው?»
«የቱን? የምተኛበትን?» ሳቁብኝ። «ታዲያ ማታ የት ልገባ ነው?»

አሁን ምክንያቴን ልናገር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ወለላ የሚባሉ
ባልቴት፣ በዚሁ በርጩማ፣ ለጠየቅኋቸው ሁሉ «እሺ» እያሉ፣
የምሳ ሰዓት ቀርቦ፣ ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሶ፣
ማህተሜ አረፈ፤ ድምፁን አላስታውስም ጨርሶ።
ግቢያቸው ዛሬ አጂፕ ላይ ፎቅ ነው፣ ከታች ባንክ፣ ከላይ ሆቴል፤
እሳቸውን ስጠይቅ አንዱ መንቲና፣ አንዱ ቦሳ ኪቶ ይላል።
መዝገቡ ንጹሕ ነው። ቁጥሩ ልክ። ፊርማዬ ውብ።

ሙዘይንን ጠራሁት። «ይህን አላረጋግጥም።»
ሌባ ነው ልል አልችልም። ሌባ አይመስለኝም።
ከደረት ኪሱ ደረሰኝ አወጣ፣ በላስቲክ የታሰረ፤
«አልጋውን፣ መድኃኒቱን፣ ዳይፐሩን የከፈለው ማህተምሽ ነበረ?
ሌሊት ወጥቶ ሲጠፋ አዌቱ ዳር ስፈልገው
ሕግሽ የት ነበር? ባትሪ ይዞልኝ ነው?»
መልስ አልነበረኝም፤ የነበረኝ አድራሻ ብቻ፤
ፍርድ ቤት፣ ሐኪም፣ ሞግዚት፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ እንደገና።
«ስንት ወር?» አለኝ።
ከዝምታዬ ቆጠረው።

ለካ እኛ ስንጨቃጨቅ አባ ፊጣ
አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቁጭ ብለዋል፣ ተራው እስኪመጣ።
ሊሰናበቱኝ ቀኝ እጄን ያዙ፤
ጣታቸው መዳፌ ላይ አረፈ፣ ጠበቅ አድርገው ያዙ።
ሐምራዊ፣ እንደተቆረጠ ግንድ
ቀለበት በቀለበት፣ አንድ በአንድ።
«ማታ መልሺልኝ» አሉኝ።

ዘበኛው «ዐሥራ ስምንት!» ሲል ጮኸ።
ማህተሙን በግራ እጄ አነሣሁት።